የአርባው ጋቢ

ሰሎሜ አንደኛ መውጣቷን የሰማችው ለጥር የታዘዘ የሠርግ ቀሚስ እየጠለፈች ሳለ ነው። ስልኳ የጨርቅ ክምር ውስጥ ተቀብሮ ሲንጫጫ ኢፍቱ ፈልጋ አወጣችላትና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችላት። የደወለችው ሮሐ ነበረች፤ ከየከተማው ትንንሽ የክር ሥራዎችን ሰብስባ አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀችው ሴት።

«ተቀምጠሻል? ካልተቀመጥሽ ተቀመጪ» አለች ሮሐ። «ዳኞቹ ያንቺን መረጡ። ያቺ ‹ትከሻ› ያልሻት አንደኛ ወጣች! ገና አልጨረስኩም፤ አሰላ ይዘናት እንመጣለን። የአሸናፊው ሥራ በገዛ ከተማው ይታይ ተብሏል።»

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። ኢፍቱማ ከጎን ሆና ሰምታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እልልታውን አቀለጠችው፤ የመናኸሪያው ሰፈር ሰው ምን ተገኘ ብሎ በበሩ አንገቱን አሰገገ። ሰሎሜ ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቁጭ አለች። ደስታው አልመጣም ማለት ውሸት ነው። መጥቷል፤ ግን ደረቷ ጋ ሳይደርስ አንድ ነገር አንቆ ያዘው።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ሳቂ እንጂ!» አለች ኢፍቱ።

«አሰላ ይመጣል እኮ ነው የምትለኝ» አለች ሰሎሜ። «እትዬ ሊያዩት ነው።»

ኢፍቱ የቀረውን እልልታ ዋጠችው። አንድ ክፍል ሱቅ ለሁለት ተከራይተው፣ አንዷ እየሰፋች አንዷ እየጠለፈች ዓመታት አብረው ሠርተዋል፤ ነገሩን ከሰሎሜ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሎሜ እናቷ የሞተችባት ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያደገችው ግማሹን በአባቷ ቤት፣ ግማሹን በአጥር ማዶ በእትዬ እታገኘሁ ቤት ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የሚበላውም የሚሳቀውም ከአጥር ማዶ ነበር። የእትዬ ባል ጋሽ ወልደ ሚካኤል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ከሳጉሬ እስከ ጎበሳ መኪና የሚይዘውን ጭቃ ሁሉ አንድ በአንድ ያውቁታል። ጡረታ ሲወጡ ሥራቸው ሌላ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ይቆማሉ፣ ግራ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ ያስደግፋሉ፣ ሬዲዮ እየሰሙ አላፊ አግዳሚውን ይተርባሉ። ሰሎሜ ጥልፍ ከጀመረች ወዲህ ባለፈች ቁጥር «ጠላፊዋ መጣች፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ደብቁ!» ይሉ ነበር።

ጋቢውን የፈተሉት እትዬ ናቸው። አዲስ ሙሽራ ሳሉ ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ ሸማኔ ቤት ሰጥተው አሠርተው ያለበሷቸው ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከዚያ ወዲህ ስንት ጋቢ በስጦታ ቢመጣላቸው ለዘመድ እያሳለፉ ያንኑ ብቻ ለብሰው ኖሩ።

በልጉ ሊያልቅ ሲል አረፉ። አርባቸው ሲቃረብ እትዬ የሟቹን ልብስ በነጠላ ቋጥረው ሰሎሜን ጠሯት። የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ወጉ ነው፤ በአርባው ደግሞ ከቤት መውጣት አለበት።

«እኔ እጄ አይሄድልኝም» አሏት። «አንቺ ስጪልኝ። ሸሚዙንና ጫማውን ላገኘሽው ስጪ። ጋቢውን ግን አደራ፣ አይተሽ ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው አልብሽልኝ። ለባሹ ሲሞቀው ወልዴም ባለበት ይሞቀዋል።»

ሰሎሜ ቋጠሮውን ስትቀበል ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ይህን ስለ እሷ መመስከር ይገባል። ቤቷ ገብታ በደንብ አጥፋ ለመያዝ ጋቢውን መስኮቱ ጋ ዘረጋችው፤ ዘረጋችውና እዚያው ደርቃ ቀረች። ግራ ትከሻው ላይ፣ መቃኑ ሲፈትገው የኖረው ቦታ፣ ከአራቱ እጥፍ የላይኞቹ ሁለቱ ሳስተው የሸረሪት ድር አክለዋል። አልተቀደዱም። ድሩና ማጉ ብቻ ተራርቆ፣ ነጠል አድርጋ ብታነሳቸው ብርሃን ያሳልፋሉ። ስፋቱ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ነው።

ሰሎሜ ቀን ቀን ደንበኛ ያዘዘውን ትጠልፋለች፤ መስቀል፣ ሐረግ፣ አበባ። ለራሷ ስትል ደግሞ ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ምንነቱን ለሰው ለማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ትሠራ ነበር። አንዱ የጭላሎን ጉም ይመስላል፣ ሌላው የተላጠ ጉልበት። ያየ ሁሉ «ይሄ ምን ይሠራል? የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው?» ይላታል። ኢፍቱ «ቁርጥራጭሽ» ትለዋለች። ሰሎሜ ግን አንድ ቀን «ይሄ ነው» የምትለው ነገር እጇ እንደሚገባ ታምን ነበር፤ ያን ቀን መስኮቱ ጋ ገባላት። ችግሩ የሷ አለመሆኑ ነው። የሟች ነበር፤ አሁን ደግሞ የነዳይ ነው።

ሰው ልቡ አንዴ ከቆረጠ ምክንያት አያጣም። «ነዳዩ የሚፈልገው ሙቀት ነው» አለች ለራሷ። «አሮጌ ከምሰጠው አዲስ ብሰጠው ይጠላል?» ኢፍቱን አስከትላ ሳጉሬ ገበያ ሄደችና ወፍራም፣ ነጭ፣ ገና ውኃ ያልነካው ጋቢ ገዛች። በአርባው ዕለት እሱን ከሸሚዙና ከጫማው ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ሰጠች። የተቀበላት ሰው እስኪደክመው መረቃት። ምርቃቱ አልተዋጠላትም፤ «አሜን» ስትል ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት።

ከዚያ መቀሱን አነሳች። የሳሳውን ቆርጣ አወጣች፤ መሀሉን እንዳለ ትታ ዙሪያውን በቀይና በገብስማ የሱፍ ክር፣ በደቃቃ ስፌት ከበበችው። ቀዩ ወደ ሳሳው ቦታ እየተጠጋ ይሄድና ሊገባ ሲል ይቆማል። ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ሲያልቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ምክንያቱም ሥራው ጥሩ ነበር፣ ይህን ደግሞ ታውቃለች። የተረፈውን ጋቢ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከልብስ ሁሉ በታች ከተተችው። ቁራጩን ግን ሮሐ ሥራ ልትሰበስብ ስትመጣ፣ አዲስ አበባ ብቻ ይታያል ብላ ሰጠቻት።

እትዬ እታገኘሁ ሰጥተው የሚረሱ ሴት አልሆኑም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ደጅ ላይ የተቀመጡትን ነዳያን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ሌላ ምንም አይደለም፤ እጃቸው የፈተለውን ጋቢ በሰው ትከሻ ላይ አንዴ ማየት ናፍቋቸው ነው።

«ሰሎሜ፣ ለማን ነበር የሰጠሽው? አጣሁት እኮ» አሏት አንድ ቀን።

«ለ... ለመንገደኛ ነው እትዬ። ከዴራ ነው የመጣሁት ያለኝ ሰው።»

«ዴራ?» እትዬ ቆም አሉ። «ዴራ ምን ብርድ አለና ነው ልጄ?»

የአሰላ ሰው ስለ ጋቢ ዋሽቶ ዴራን ይጠራል? ሳጉሬ ብትል፣ ጎበሳ ብትል፣ የደጋው ብርድ ራሱ በመሰከረላት። እሷ ግን ሰው በቀትር ጥላ ፍለጋ የሚሮጥበትን ቆላ ጠርታ አረፈችው። ፊቷ በርበሬ መሰለ። እትዬ ደግሞ ቅን ናቸው፤ መውጫውን ራሳቸው ፈለጉላት። «ይሁን፣ ሲመሽ ቆላም ይቀዘቅዛል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሰሎሜ ያን ቀን ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

የሽልማቱ ወሬ ከተማውን ለማዳረስ ከኢፍቱ አፍ ሌላ አላስፈለገውም። «የብርጭቆ ማስቀመጫ» ይሉ የነበሩት ሁሉ ሰሎሜን «አርቲስቷ» ይሏት ጀመር። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ጨርቁን ከየት እንዳገኘችው ጠየቃት፤ «እቤት የነበረ አሮጌ ጨርቅ ነው» አለችው። ውሸት እንደ ሹራብ ክር ነው፤ አንዴ ከጀመርሽው ሌላው ራሱ ይከተላል። እትዬ ያን ሬዲዮ ሰምተው፣ ትልቅ የጾም ዳቦ ጋግረው፣ በአጥሩ በር እልል እያሉ መጡ። «የእኔ ልጅ ናት!» ይላሉ ላገኙት ሁሉ። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት!» ሰሎሜ ዳቦውን ቆርሳ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

«ንገሪያቸው እባክሽ፣ ማሎ» አለቻት ኢፍቱ በማግስቱ። «ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚያዩት ካንቺ አፍ ቢሰሙት አይሻልም?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ያ ረቢ! ሳጉሬ ድረስ የተከተልኩሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» ብላ ኢፍቱ ልብስ ስፌት መኪናዋን እንደ ተናደደች ታንኳኳው ጀመር።

ሰሎሜ ልትነግራቸው ሄደች። ሄዳለች፤ ይህም ይቆጠርላት። እትዬ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ሰሎሜ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ከሰፌዱ ጥግ አብራ መልቀም ጀመረች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት። «እትዬ፣ አንድ ነገር...» ስትል እሳቸውም አብረው ተናገሩ።

«ሕልም አየሁ ሰሎሜ» አሉ። «ወልዴን አየሁት። በሩ ላይ፣ እንደዚያው መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ግን በሸሚዝ ብቻ ነው። ይንቀጠቀጣል። ‹እታገኘሁ፣ ጋቢዬስ?› አለኝ። ‹ሰጠሁልህ እኮ› ስለው ‹አልደረሰኝም› አለኝ።»

ሰሎሜ አንዲት ጠጠር አንስታ በጣቶቿ መሀል ያዘች።

«በርዶታል» አሉ እትዬ። «ያ የዴራ ሰውዬ ሸጦት ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ? በገዛ እጄ መስጠት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም ብዬ በሰው እጅ ሰደድኩት። እግዜር በዚህ ተቆጥቶኝ ይሆን?»

አሁን መናገር ነበረባት። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም፤ ከዚህ የባሰ ጥፋትም የለም፤ የሷን ኃጢአት አሮጊቷ ተሸክመውት ቁጭ ብለዋል። ሰሎሜ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ «ሕልም ነው እትዬ። ሕልም ምን ይታመናል» አለችና ጠጠሯን ወረወረቻት።

«ምን ልትዪኝ ነበር?»

«ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል። እንዳይቀሩ ልልዎት ነው።»

ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ራሷን ጠላች። ምስሩን እየለቀመች መዋሸቷ፣ እጇ አለመቆሙ፣ እሱ ነው ከሁሉ የከነከናት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ባለሥልጣናቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ንግግር አደረጉ፣ ማይክራፎኑ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። ሥራዎቹ በየትንንሽ ፍሬማቸው ነጭ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው አንዱን ለማየት አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። የሰሎሜዋ መሀል ላይ ብቻዋን ተሰቅላለች። ከሥሯ «ትከሻ። ጥጥና ሱፍ» የሚል ተጽፏል።

እትዬ እታገኘሁ ሰሎሜ የጠለፈችላቸውን ቀሚስ ለብሰው፣ በኢፍቱ ክንድ ተደግፈው መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ፍሬሙ ፊት ቆመው፣ አንገታቸውን አዘንብለው አዩት። እትዬ አላወቁትም። በመስተዋት ውስጥ፣ በመብራት ሥር፣ ቀይ ክር ዙሪያውን ከቦት፣ እንዴት ብለው ይወቁት?

«ደስ ይላል» አሉ። «ምንድን ነው ልጄ?»

«ትከሻ ነው እትዬ።»

«የማን ትከሻ?»

«የጋሽ ወልዴ።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አልረሳሽውም!» አሉና ሰሎሜን ጎትተው አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ እንባቸው ጉንጯ ላይ ወረደ። «ባሌን ነው የሠራችው!» አሉ ለሰዉ ዞረው። «ትከሻውን! ተመልከቱ!» ሰው አጨበጨበ። ሮሐ ስልኳን ከፍታ እየቀረጸች ተጠጋች። «እንዴ ሰሎሜ፣ ይህን አልነገርሽኝም እኮ! መታሰቢያ ነው ማለት ነው? እማማ፣ እስኪ አጠገቧ ይቁሙልኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጎዳም፤ አሮጊቷ ደስ ብሏቸዋል፣ ሕዝቡ አጨብጭቧል፣ ሰሎሜም አንደኛ ናት። ሰሎሜ ኢፍቱን አየቻት። ኢፍቱ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ የእትዬን ፊት አየች፤ ጾም ያከሳው ፊት፤ በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል እንኳ ያ ሕልም ከዓይናቸው ሥር አልለቀቀም። ዛሬ ማታም ባላቸው በርዶት እንደሚመጣ አሰበች፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው እንደሚነሱም።

«እትዬ» አለች። «ሥዕል አይደለም። ራሱ ነው። ጋቢያቸው ነው።»

«የትኛው ጋቢ?»

«ለአርባቸው የሰጡኝ። አልሰጠሁትም። ሌላ ገዝቼ ሰጠሁና እሱን ቆረጥኩት። የዴራ ሰው የሚባል የለም።»

ሮሐ ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች። እትዬ እታገኘሁ ወደ ፍሬሙ ዞሩና ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ፣ በሳሳው ቦታ ትክክል አሳረፉ። አዳራሹ ማዶ የሚስቅ ሰው ነበር።

«ምስር እየለቀምን» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «በርዶታል ስልሽ፣ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ሕልም ነው አልሽኝ።»

«አልኩዎት።»

ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። አልጮኹም፣ አልረገሟትም። ኢፍቱ ተከትላቸው ሮጠች። ሰሎሜ እንዲረግሟት በልቧ እየለመነች በቆመችበት ቀረች።

ሮሐ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «አትጨነቂ» አለቻት በሹክሹክታ። «እውነቴን ነው፣ ይሄ ታሪክ እንዲያውም ሥራውን ከፍ ነው የሚያደርገው። አዲስ አበባ ላይ በቋሚነት ሊያሳዩት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ስምሽ ከነታሪኩ አጠገቡ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።» ሮሐ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምትለውም ሁሉ እውነት ነበር። ሰሎሜ ግን ሄዳ ፍሬሙን ከምስማሩ አወረደችው።

«ምን ማድረግሽ ነው? ገና መከፈቱ እኮ ነው!»

«ይቅርታ ሮሐ። የሰው ነው።»

ፍሬሙን ፈትታ፣ ቁራጩንና ከሳጥን ያወጣችውን ጋቢ ይዛ የእትዬን በር አንኳኳች። እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ግቢ አላሏትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቤት አንኳኩታ አታውቅም ነበር።

«አመጣሁት እትዬ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ጋቢውን አዩት፤ እጃቸው ሊነካው ተነሣና መልሶ ወረደ። «እኔ ዘንድ ምን አመጣሽው? እኔ ሰጥቼዋለሁ። የሰጠሁትን መልሼ ልቀበል? ባለቤቱ ደጅ ተቀምጧል።»

«እርስዎ ግን ይቅር...»

«መጀመሪያ ይሙቀው» አሉና በሩን ዘጉት።

ቁራጩን ወደ ቦታው ለመመለስ ሰሎሜ ጥልፉን ልትፈታ ሞከረች። አልሆነም፤ የሳሳው ጨርቅ አሁን የቆመው በጥልፉ ነው፤ ክሩን ብትስብ ሁሉም ይቀደዳል። እንዳለ፣ ከነቀዩ፣ ከነገብስማው፣ ትከሻው ላይ መልሳ ሰፋችው። ስትሰፋ ዳኞቹም ሮሐም ከሐሳቧ ጠፍተው ነበር። ጥብቅ ብሎ እንዲይዝ ብቻ ነው የተጨነቀችው።

እሑድ ጠዋት የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይበላል። ቅዳሴው ሳያልቅ ደጀ ሰላሙ ጋ ደረሰች። ከነዳያኑ ዳር፣ ማዳበሪያ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚንቀጠቀጥ ጎልማሳ ሰው አየች። ጋቢውን ዘረጋችለት። ሰውየው ወዲያው አልለበሰም፤ እንደ ገበያተኛ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መረመረው።

«የሟች ነው?»

«አዎ።»

«ስማቸው ማን ነበር?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አንቺስ ምናቸው ነሽ?»

«ያሳደጉኝ ናቸው» አለች።

ሰውየው ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት? ደም ነው?»

«ጥልፍ ነው።»

«ጥልፍ?» አጠገቡ ያሉት ሳቁ። «የሴት ነው እንዴ ታዲያ?» ብሎ ጋቢውን ገለበጠና ጥልፉን ወደ ውስጥ፣ ንጹሑን ወደ ውጭ አድርጎ ተከናነበው። ሰሎሜ አፏን ከፈተች። «ፊቱ ያኛው ነው» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ በራሷ አፈረች፤ እዚህ ድረስ መጥታም እንዲታይላት ትፈልጋለች። አፏን ዘጋችና ወደ አጥሩ ተጠግታ ቆመች።

ቅዳሴ ወጣ። እትዬ እታገኘሁ ከምእመናኑ መሀል መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። እንደ ልማዳቸው ነዳያኑን እያዩ ሲያልፉ እግራቸው ተገታ። ሰሎሜን አላዩዋትም፤ ሰውየውን ነው ያዩት። ተጠጉና የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ አሹት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ፣ ግራ ትከሻው ላይ ወሰዱ። ከጨርቁ ሥር የጥልፉ ጉብጉብታ ተሰማቸው መሰለኝ እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«አይቆረቁርህም ወንድሜ?»

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። «ትንሽ ይቆረቁራል እናቴ። ግን ይሞቃል።»

«ሞቀህ?»

«ሞቀኝ።»

እትዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ ወልዴ።»

ከዚያ መቋሚያቸውን አነሱና በሰሎሜ አጠገብ አለፉ። ሰሎሜ ልትከተላቸው እግሯን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።